ናሆም ያረፈደበት ሰኞ

በሰው ማርፈድ የሚደሰት ክፉ ሰው ነው ይባላል። እንግዲያው ክፉ በሉኝ። ባለፈው ሰኞ ጧት ናሆም አረፈደ፤ እኔም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ደስታዬን የማስቀምጥበት አጥቼ ይኸው እዚህ ዐምድ ላይ ይዤው መጣሁ።

የትምህርት ቤታችን በር ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ናሆም የደረሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፤ ከሸሚዙ ቁልፎች አንዱ የጎረቤቱን ቀዳዳ ይዟል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እኔ የአርፋጆችን መዝገብ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ጻፊኝ በቃ» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

ጻፍኩት። እያንዳንዷን ፊደል እያሽሞነሞንኩ ጻፍኩት።

አሁን «የሰው ልጅ አርፍዶ፣ ምኑ ነው የሚያስደስተው?» ትሉኝ ይሆናል። ናሆም እኮ እንዲሁ አንድ ተማሪ አይደለም። የትምህርት ቤታችን የሥርዓተ ፆታ ክበብ ሊቀ መንበር ነው። አርፍዶ አያውቅም። ሰልፍ ላይ «እንደ ናሆም ሰዓት አክባሪ ሁኑ» እየተባለ ስንት ጊዜ አጨብጭበንለታል መሰላችሁ! ይህ ልጅ እንዴት አረፈደ? ነገሩ ከውኃ ይጀምራል።

የሴቶች እኩልነት በወንዶች ሲሰበክ ውኃ ያስጠማል። ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ ታዝባችሁ ከሆነ፣ ተናጋሪው ጉሮሮውን ጠርጎ «ሴቶቻችን ወደ ፊት መምጣት አለባቸው» ሲል አንዲት ሴት በእርግጥም ወደ ፊት ትመጣለች። ውኃ ይዛ።

ክበባችን ሲቋቋም ሃያ ሴቶችና ሦስት ወንዶች ነበርን። የሥነ ዜጋ አስተማሪያችንና የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ኪሮስ «ወንዶችን ካላቀፍን እኩልነት ሙሉ አይሆንም» አሉን። እኛም አቀፍናቸው። ከእቅፋችን ሲወጡ አንዱ ሊቀ መንበር፣ አንዱ ምክትል፣ አንዱ የስፖርት ኃላፊ ሆነው ወጡ። የሥርዓተ ፆታ ክበብ የሚጫወተው ስፖርት ምን እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም።

እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ምክንያቱን ቲቸር ኪሮስ ሲያስረዱ «የሴት ልጅ ጽሕፈት ያምራል» አሉ። ጽሕፈቴን አይተውት አያውቁም። ሐኪም ቢያየው «የሙያ ባልደረባዬ» ብሎ ያቅፈኝ ነበር። ነገር ግን ሴት ነኝና ያምራል ተባለ፤ ተባለና ጸደቀ። በዚሁ ባላየሁት ውበት ምክንያት ሌላም ሥራ ተደረበብኝ፤ በየሳምንቱ ዓርብ ተረኛ መምህራን እየሞነጨሩ የሞሉትን የአርፋጆች መዝገብ ወደ ንጹሕ ደብተር መገልበጥ።

ዕድሜዬ ዐሥራ ስምንት ነው፣ ክፍሌ ዐሥረኛ። ሒሳቡ ካልገጠመላችሁ ትምህርት ቤቶቻችን ስንት ዓመት ተዘግተው እንደነበር የመቐለ ሰው ጠይቁ። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ያን ያህል ዓመት ክፍል የናፈቀው ሰው ክፍሉ ሲከፈትለት በፈቃዱ አያረፍድም። መዝገቡን ስገለብጥ የከነከነኝም ይኸው ነበር። ለተ አረፈደች፣ ሳባ አረፈደች፣ ምሕረት አረፈደች… ገጹን ብገለብጠው፣ ብገለብጠው ሴት ብቻ! ምሕረት እኔ ነኝ።

ቲቸር ኪሮስን ጠየቅኋቸው።

«ቲቸር፣ አርፋጆቹ ለምንድን ነው ሴቶች ብቻ የሆኑት?»

«ሴቶች መስታወት ፊት ይቆያሉ፣ ጓለይ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡም ሲያጽናኑም ያው ናቸው።

መስታወት! እውነቱን ልንገራችሁ። በእኛ ሰፈር፣ በቀዳማይ ወያነ፣ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ፈረቃው ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ጎህ ሲቀድ ቧንቧው ማፏጨት ይጀምራል፤ እሱ ሲያፏጭ ሴት ልጅ ትነሣለች። ጀሪካን ሁሉ፣ ባልዲ ሁሉ፣ የበርበሬ ማጠቢያው ሳፋ ሳይቀር ይሞላል፤ ምክንያቱም ዛሬ ያመለጠ ውኃ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። መስመሩ ከላይ ቀጭን ስለሆነ አንዱን ጀሪካን ለመሙላት አንድ የታሪክ ምዕራፍ ማንበብ ይቻላል። አንብቤ ስለማውቅ ነው።

ካሌብ የሚባል መንታ ወንድም አለኝ። በዐሥራ አምስት ደቂቃ እበልጠዋለሁ። አንድ ቀን ቧንቧው ሲያፏጭ እማዬን እንዲህ አልኳት፦

«ካሌብንም ቀስቅሺው እንጂ።»

«ተይው ይተኛ፣ እያደገ ነው።»

«እኔስ?»

«አንቺማ አድገሻል።»

እንግዲህ በዐሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንዳደግሁ ገምቱ።

እናም ክበባችን የሴቶችን ቀን ሊያከብር ሲዘጋጅ ሦስት ገጽ ንግግር ጻፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጽፌ አላውቅም። ስለ መስታወቱ፣ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ መዝገቡ ጻፍኩ። የመጨረሻውን ነጥብ ሳስቀምጥ ብድግ ብዬ በክፍሉ ውስጥ ሁለት ዙር ዞርኩ፤ ለካ ሰው በራሱ ጽሑፍ ሊሰክር ይችላል። ፍላጎቴ አንድ ብቻ ነበር፤ መድረክ ላይ ወጥቼ በራሴ አፍ ማንበብ።

ቲቸር ኪሮስ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ። «ግሩም ነው» አሉ። ከዚያ እስክሪብቶ አወጡና የመዝገቡን ነገር በሙሉ ሰረዙት፤ «ይኼ ስም ማጥፋት ይመስላል።» በቦታው «ሴቶቻችን በሁሉም መስክ» የሚል ነገር አስገቡ። ሦስት ገጹ አንድ ተኩል ሆነ።

«ናሆም ያነበዋል» አሉ።

«ለምን ናሆም?»

«ሊቀ መንበር ነው። ድምፁም ጎላ ይላል።»

«የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ቲቸር።»

«ማን ካደሽ? ጸሐፊ ነሽ።»

«እኔስ ምን ልሥራ?»

«አንቺና ለተ መስተንግዶ ናችሁ።»

ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የሚለውን ተረት ሰምቼው ነበር፤ በሦስት ገጽ ወረቀት ሲፈጸም ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ናሆምን ልምምድ ላይ አገኘሁት። «እኔ ሴት ልጅ እንደመሆኔ» የምትለዋ ዐረፍተ ነገር ላይ ደርሶ ጆሮው እስኪቀላ ቆሟል።

«ይህቺን ልዝለላት ወይስ ላንብባት?» አለኝ።

«አንብባት፣ ድምፅህ ጎላ ይላል» አልኩት።

ክፉ ልጅ አይደለም። ልክ እንደ ካሌብ ነው፤ የተኛው ስላልቀሰቀሱት ነው።

የካቲት ማብቂያ ላይ የሚውለውን የሴቶች ቀን እኛ ያከበርነው በግንቦት ነው። መጀመሪያ «ዐቢይ ጾም ነው፣ ከበሮ አይመታም» ተባለ። ቀጥሎ ፈተና መጣ። ቀጥሎ የክብር እንግዳው አልተመቻቸውም። ለዐሥር ደቂቃ ማርፈድ መዝገብ የሚያወጡብን ሰዎች ሁለት ወር ተኩል ሲያረፍዱ የጻፋቸው የለም።

አሁን ደግሞ የኮሚቴውን ስሕተት ስሙ፤ ከመቐለ ሰው በቀር ማንም ሊሠራው የማይችል፣ የመቐለ ሰው ደግሞ ፈጽሞ ሊሠራው የማይገባ ስሕተት ነው። «እንግዳው ከቁሓ ሲመጡ ሴቶቹ በአሸንዳ ልብስ ይቀበሏቸው፤ ለዐይን ያምራል» ተብሎ ተወሰነ። ጥልፍ ቀሚስ ለበስን፣ ሹሩባ ተሠራን፣ ከበሮም ታደለን።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። አሸንዳ በነሐሴ የሚከበር የልጃገረዶች በዓል ነው። በእነዚያ ቀናት ከተማው የእኛ ነው። ከበሮ ይዘን እየዘፈንን ያገኘነውን ሰው፣ ሹም ይሁን ነጋዴ፣ ክብ ሠርተን መሐል እናስገባዋለን። ያልነውን ሳይሰጥ አያልፍም። ክቡን ጥሶ የሚወጣ ወንድ ቢኖር ታሪኩ ከሱ ቀድሞ ሮማናት አደባባይ ይደርሳል። እንግዲህ አስቡት፤ ሃያ የተበሳጩ ሴቶች ሰብስበህ፣ አልብሰህ፣ ከበሮ አስይዘህ፣ ሹምህን በእግሩ ታመጣላቸዋለህ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ…

ሐሳቡን ያመጣችው ለተ ናት። ለተ የክፍላችን ከበሮ መቺ ነች፤ የምትናገረው ትንሽ ነው፣ የምትመታው ብዙ። ጧት የሕምባሻውን ትሪ እያደራጀን ሳለ ዐይኔ እንባ አቅርሮ አየችኝ።

«ለንግግሩ ነው?» አለችኝ።

«ተይኝ እስቲ።»

ከበሮዋን አንዴ፣ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። «የለበስነውን ግን አየሽው?» አለች።

አየሁት። ተያየን። ከዚያ ወዲያ ለሌሎቹ ማስረዳት አላስፈለገም፤ የአሸንዳን ሕግ ሳያውቅ ያደገ ሴት ልጅ የለም።

እንግዳው አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ወፈር ያሉ፣ ፈገግታቸው ቀድሟቸው የሚገባ አባት ናቸው። ከመኪናቸው ወርደው ወደ አዳራሹ ሦስት እርምጃ እንደሄዱ ከበሮው ተመታ። ክቡ ተዘጋ። እንግዳው መሐል ቀሩ፤ ቲቸር ኪሮስ እቅፍ አበባ ይዘው ውጭ ቀሩ። ለተ አወጣችው፣ እኛ ተቀበልን። ለእናንተ ስል ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ፤ ቤት አመታቱ በጉዞው ላይ ትንሽ ተጎድቷል፦

«እንግዳችን መጥቷል፣ ደጃችን ላይ ቆሟል፤
ኪሱን አንፈልግም፣ ማይኩ ይበቃናል።
ውኃ ስንቀዳ ነው የነጋው ሌሊቱ፤
ንግግሩን ታንብብ የወለደች እናቱ።»

እንግዳው መጀመሪያ እንደለመዱት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ለተ ራሷን ነቀነቀች። እጃቸውን አወጡ።

«ምንድን ነው የምትፈልጉት፣ ልጆቼ?»

«ማይክ» አለች ለተ።

ቲቸር ኪሮስ ከክቡ ውጭ ተንጠራሩ። «ልጆች፣ ምን ሆናችኋል? አሸንዳ በነሐሴ ነው!»

«ቲቸር፣» አለች ለተ፣ ከበሮዋን ሳታቋርጥ፣ «በግንቦት ያለበሳችሁን እናንተ ናችሁ።»

እንግዳው ሳቁ። የሳቃቸውን ያህል ግን መውጫም እያዩ ነበር፤ እኔ አይቻቸዋለሁ። ወደ ግራ ፈቀቅ ሲሉ ግራው ዘፈነ፤ ወደ ቀኝ ሲሉ ቀኙ ዘፈነ። በስተኋላ መኪናው አለ፤ ግን አሸንዳ ከብቦት በመኪና ያመለጠ ሹም መባልን ማን ይወዳል?

«ማናት የንግግሩ እናት?» አሉ በመጨረሻ።

ዐሥራ ዘጠኝ ጣት እኔን ጠቆመ።

«ማይኩ ያንቺ ነው። ቃሌ ነው።»

እልል አልን። ቲቸር ኪሮስ አበባውን ይዘው «ጓለይ… ጓለይ…» እያሉ ቀሩ። የትኛው ጓለይ እንደሆነ አልለየሁም፤ የቁጣውም የማጽናኛውም ይመስል ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። ወላጆች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ እማዬም ነጠላዋን አጣፍታ መጨረሻው ረድፍ ላይ አለች። ስሜ ሲጠራ ገና የውኃውን ትሪ እንደያዝኩ ነው። ጠረጴዛ ፈለግሁ፤ የለም። ናሆም አጠገቤ ነበር፤ ኪሱ ውስጥ የኔ ንግግር ታጥፎ።

«ያዝልኝ» አልኩት።

ያዘ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባል የለ? ትሪም እንደዚያው ነው። ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ።

ወረቀቱን አልጠየቅሁትም። የተሰረዘውን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ መዝገቡንማ በየዓርቡ ስገለብጠው ኖሬ እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። ማይኩን ይዤ ጀመርኩ።

«ሳባ፣ ዐሥረኛ ክፍል፤ ባለፈው ወር ሰባት ቀን አርፍዳለች። ከዚያው ቤት ወጥቶ በዚያው መንገድ የሚመጣ ወንድሟ አንድም ቀን አላረፈደም። ወንድሟ ክንፍ አለው? ወይስ ጀሪካን የለውም?»

የወንድሟን ስም አልጠራሁም። አስፈላጊም አልነበረም፤ የአዳራሹ ጭንቅላት ሁሉ ትሪ ወደያዘው ናሆም ዞረ። ሳባ የናሆም እኅት ናት።

ቀጠልኩ። ለተን አነሣሁ፣ ሌሎቹንም አነሣሁ። በመጨረሻም «ከእኔም ቤት አለ» አልኩ። «እኔ እቀዳለሁ፣ እሱ ያድጋል።» አዳራሹ ሳቀ። አንዲት ሴት ብቻ አልሳቀችም፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ ነጠላዋን ታስተካክላለች።  ስለ መስታወቱ የነበረኝን ቀልድ ዋጥኩትና አመስግኜ ወረድኩ። ጭብጨባው ሲመጣ እንኳ ዐይኔ እሷ ላይ ነበር። አታጨበጭብም፤ ጣቷን ታፍተለትላለች።

ከዚያ እንግዳው ተነሡ። «በአጭሩ» ብለው አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ይሁንና መሐል ላይ አንድ ቁም ነገር ጣል አደረጉ፦ «ይህ መዝገብ ከስሙ ጎን ‹ምክንያት› የሚል ዐምድ ይጨመርበት። መዝገቡንም ይህን ያስተዋለችው ልጅ በሩ ላይ ቆማ ትያዘው።» ቲቸር ኪሮስ ሐሳቡ ከድሮም የሳቸው የነበረ ይመስል አንገታቸውን ነቀነቁ። ወዲያው ደግሞ እንግዳው «ሴቶቻችን ወደ ፊት መምጣት አለባቸው» የምትለዋ ጋ ሲደርሱ ትን አላቸው። ዐይናቸው ትሪ ፈለገ። ትሪው ያለው ናሆም ዘንድ ነው። ናሆም አየኝ፤ እኔ ኮርኒሱን አየሁ። በስተመጨረሻ ብርጭቆ እያንቋቋ ተነሣ። በዚያ አዳራሽ ታሪክ ወንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ይዞ ወደ ፊት መጣ፤ ግማሹን ምንጣፉ ጠጣው።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ እስከ ደጃችን አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እማዬ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፤ ስትቆጣ ትናገራለች፣ ስታስብ ዝም ትላለች። ቁጣውን ለምጄዋለሁ፤ ዝምታው ነው የፈራሁት። በር ላይ ቆም አለችና «እኔም በልጅነቴ ወንድሞቼ እያደጉ ነበር» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ትምህርት ቤቱ በሳምንቱ «የማርፈድ ጉዳይ አጥኚ ኮሚቴ» አቋቋመ። እስካሁን አልተሰበሰበም፤ አባላቱ በሰዓቱ አልተሟሉም። «ምክንያት» የሚለውን ዐምድ ግን እኔው በማስመሪያ አሰመርኩት።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ቧንቧው አፏጨ። ከልማዴ ብድግ ስል እማዬ ትከሻዬን ይዛ መልሳ አስተኛችኝ። ወደ ካሌብ አልጋ ሄደች። ብርድ ልብሱን ገፈፈች።

«ተነሥ።»

«ምን ሆነ?»

«አድገሃል።»

እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ሳቄን በትራሱ አፈንኩት። እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ይህን ያህል ደስታ ይዞ ማን ይተኛል?

ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ መዝገቤን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሳባ መጣች፤ ጫማዋ ደረቅ፣ ፊቷ የተኛ ሰው ፊት።

«ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሒሳብ ነዋ።»

«ሒሳብ?» አለች። «ምነው ባላወቅሁ ኖሮ።» ገባች።

በሩ ተዘጋ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ናሆም መጣ። «ጻፊኝ በቃ» አለኝ፣ ጻፍኩት። አንድ ነገር ቀርቶ ነበር።

«ምክንያት?»

መዳፉን አሳየኝ። የጀሪካኑ እጀታ ቀይ ሰምበር ሠርቶበታል።

«በአፍህ ነው የሚሞላው» አልኩት።

«ውኃ» አለ፣ በዚያ በጎላው ድምፁ ሳይሆን በሌላ። መዳፉን እያሸ «በየቀኑ እንዲህ ነው እንዴ የሚከብደው?» አለ።

«አይ፣» አልኩት፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ማጠብም አለ።»

ካሌብ ከሱ ቀጥሎ ደረሰ። የቤት ገመና ስለሆነ አልፈዋለሁ፤ ካልሲው ግን አንዱ የእማዬ ነበር።

በሉ እንግዲህ፣ ወንድሞች የምትባሉ ሁሉ፣ ከቀዳማይ ወያነም ሁኑ ከቁሓ፣ ግብዣዬን ተቀበሉ። ቧንቧው በሚያፏጭበት ጧት ተነሡና አርፍዱ። በሰልፍ ፊት የሚያጨበጭብላችሁ ባይኖርም እኔ በሩ ላይ አለሁ። መዝገቤ ገና ብዙ ባዶ መስመር አለው፤ ስማችሁን አሳምሬ እጽፈዋለሁ። የሴት ልጅ ጽሕፈት ያምራል ተብሏልና።